29 በመቶ ወይስ 45 በመቶ?

ስለ አመጋገብ ሕመም የተሠሩ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው አንዱ ሕክምና በአንዱ ጥናት ሁለት የተለያየ ውጤት ሲያሳይ ግር ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን የአሜሪካ ጥናት እንይ። ቡሊሚያ (ከልክ በላይ በልቶ የበሉትን ሆን ብሎ ማስወጣት የሚደጋገምበት የአመጋገብ ሕመም) ያለባቸው 220 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ የሚያተኩር ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (ሲቢቲ) የተባለ የንግግር ሕክምና፣ ግማሾቹ ደግሞ ከሰዎች ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ሌላ የንግግር ሕክምና ተመደበላቸው። ከሲቢቲ ቡድን ያገገሙት 29 በመቶ ናቸው ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ 45 በመቶ።

ሁለቱም ትክክል ነው። ጥያቄው ከስንት ሰው ላይ ተቆጠረ የሚለው ነው። 45ቱ የተሰላው ሕክምናውን ከጨረሱት ብቻ ነው። 29ኙ ግን ከተመደቡት ከሁሉም፣ አቋርጠው የሄዱትም ሳይቀሩ፤ ከ110 ሰው 32 መሆኑ ነው። ይህኛው አቆጣጠር «ኢንቴንሽን ቱ ትሪት» ይባላል፤ ለማከም የታሰበ ሁሉ ይቆጠራል እንደማለት። እኔ የማምነው ይህኛውን ነው። ያቋረጡትን ትቶ መቁጠር ትምህርት ያቆሙትን ተማሪዎች ስም ሰርዞ «ክፍላችን ጎበዝ ነው» እንደማለት ነው።

«አገገመ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። እዚህ ላይ ትርጉሙ ባለፉት 28 ቀናት ራስን መግታት አቅቶ ከልክ በላይ መብላትም ሆነ የበሉትን ሆን ብሎ ማስወጣት አልነበረም ማለት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ሕክምናው እንዳለቀ የሌላው ቡድን ውጤት 6 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከወራት በኋላ ሲታይ ግን በሁለቱ መካከል በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን ልዩነት አልተገኘም።