የምድር ፊዚክስ በአራት ኪሎ

ፊዚክስ ቁስ አካልን፣ እንቅስቃሴን፣ ሙቀትን፣ ብርሃንን፣ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን በልኬት የሚመረምር ሳይንስ ነው። ወሰኑ ከአቶም ውስጥ ተነሥቶ እስከ ጋላክሲዎች ይዘልቃል። ምድርን የሚያጠናው ዘርፉ ጂኦፊዚክስ ሲሆን፣ በአገራችን አንጋፋ ቤቱ በአራት ኪሎው የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የምድርን መግነጢስና ነውጥ የሚመዘግብ ጣቢያ ነው።

ኦብዘርቫቶሪው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው፣ ብዙ አገሮች ምድርን በጋራ ባጠኑበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት፣ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥር ነበር። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) ካህን አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የታደለች ናት፤ የማግኔት ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢስ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በአቅራቢያዋ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ጅረቱ የምድርን መግነጢስ እንዴት እንደሚለዋውጥ ከሥሩ ሆነው የሚለኩ ጣቢያዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለችው የካራቆሬ ከተማ አካባቢ ለወራት ተናወጠ፤ በአቅራቢያዋ ያለችው የማጀቴ ከተማ ፈራረሰች። የዋናው ነውጥ መጠን 6.5 ገደማ እንደነበር ይነገራል፣ ከዚያ ከፍ የሚያደርጉትም አሉ። በ1969 ደግሞ የአፋሯ ሰርዶ ወደመች። አባ ጉዌን የመሣሪያ መዝገባቸውን ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ከለቀሙት ጋር አዋሕደው በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሳተሙ። የጥንት ጸሐፊ ቃል እንደ መሣሪያ ንባብ ተመዝኖ ሲቀመጥ ማየት ደስ ያሰኛል። መጽሐፉ ዛሬም በዘርፉ የማይታለፍ ምንጭ ነው።

ከእሳቸው በኋላ ተቋሙን ከመሩት አንዱ ዶ/ር ላይከማርያም አስፋው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋሩ የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የምድር ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ ዐለት ገባ፤ በአንዳንድ ቦታ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ያን ጊዜ «አዲስ ውቅያኖስ ተወለደ» ተብሎ ብዙ ተወራ። ምድር እየተላቀቀች ውቅያኖስ የሚፈጠርበት ሂደት እውነት ነው፣ የሚለካው ግን በሚሊዮን ዓመታት ነው።

ተቋሙ ዛሬ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚንም በስሙ ጨምሯል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ ሲናወጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ሕዝቡ አጥብቆ የጠየቀው «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚለውን ነበር፤ ነውጥ የሚነሣበትን ቀን ቀድሞ የሚናገር ስሌት ግን ፊዚክስ እስካሁን የለውም።