የወረራ ወንጀል ማንን ያስጠይቃል?

ብዙዎች የወረራ ወንጀልን ከጦር ወንጀል ጋር ያምታታሉ። የጦር ወንጀል በውጊያ ውስጥ የሚፈጸም ግፍ በመሆኑ ተራ ወታደርም ይጠየቅበታል፤ የወረራ ወንጀል ግን የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር በግልጽ የሚጥስ ጦርነት መክፈቱ ራሱ ስለሆነ፣ የሚጠየቀው የአገሩን የፖለቲካ ወይም የጦር እርምጃ በተግባር የመቆጣጠር ወይም የመምራት ሥልጣን ያለው ሰው ብቻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት «በሰላም ላይ የተፈጸመ ወንጀል» ተብሎ የተፈረደበት ይኸው ድርጊት፣ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሊታይ የቻለው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ወዲህ ነው። እጅግ የሚያሳዝነው ክፍተት፣ የፀጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ካልመራለት በስተቀር፣ ፍርድ ቤቱ አባል ያልሆነ አገር መሪን በዚህ ወንጀል መክሰስ አለመቻሉ ነው፤ በምክር ቤቱ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ካላቸው 5 አገሮች ደግሞ ሦስቱ፣ አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና፣ የፍርድ ቤቱ አባላት አይደሉም።