የመጀመሪያ ከፋይ ደንበኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ሶፍትዌር መሥራት የሚችሉ ወጣቶች ይመረቃሉ። በራሳቸው ለመሥራት የሚነሱት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጁት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ የሱቅ ዕቃ መቆጣጠሪያ፣ የዱቤ መዝገብ፣ የፋርማሲ ክምችት መከታተያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ መመዝገቢያ። ችሎታው አያንስም። ጣጣው ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍል የመጀመሪያ ሰው ማግኘቱ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ልፋትን መና የሚያስቀሩ እምነቶች አሉ።

«ሥራው ሳያልቅ ለሰው አይታይም»

ስምንት ወር ሙሉ አሥር ገጽ የሠራ ቡድን፣ ነጋዴው ከአሥሩ የሚነካው ሁለቱን ብቻ መሆኑን የሚያውቀው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ዛሬ ግዙፍ የሆነው የአሜሪካው ምግብ አድራሽ ድርጅት ዶርዳሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር የጥቂት ምግብ ቤቶች ሜኑና አንድ ስልክ ቁጥር ያለበት ገጽ ነበር፤ ምግቡን የሚያደርሱትም መሥራቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ለሕንጻ መሣሪያ መደብር የሚሸጥ የዱቤ መዝገብም ለመጀመሪያው ሽያጭ ማን ወሰደ፣ የስንት ብር ወሰደ፣ ስንት ቀረበት የሚለውን ካሳየ ይበቃዋል። ሪፖርቱም ባርኮዱም ይቆይ።

የማይቆዩ ግን አሉ። አንደኛው የስም ፍለጋ ነው። ጠዋት «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ባለዕዳ ማታ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ካልተገኘ፣ ገንዘብ ያዡ ሁለተኛ መዝገብ ይከፍትለታል፤ ዕዳው ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በሳምንቱ ሶፍትዌሩ «ይዋሻል» ተብሎ ይዘጋል። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ግን ሞክሼ ፊደላቱን (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ፤ ጸ፣ ፀ) ወደ አንድ የሚያጠቃልል ሌላ ዓምድ ይኑረው። ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚቆርጥ ፕሮግራም የጥርን ሽያጭ ለጃንዋሪና ለፌብሩዋሪ ያካፍለዋል፤ ጳጉሜንንማ ቦታም አይሰጣት። ሦስተኛው ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ነጋዴ «መስመር ሲጠፋስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መረጃው እዚያው ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ይቀመጥ (ለአንድ ሱቅ በአንድ ፋይል ላይ የሚሠራው የመረጃ ቋት፣ ኤስኪውላይት፣ ይበቃል)፣ መስመር ሲገኝ ብቻ ቅጂ ይላክ። መብራት ድንገት ቢሄድ እንዳይጠፋም እያንዳንዱ የመዝገብ መስመር እንደተጻፈ ወዲያው ይመዝገብ።

«‹ጥሩ ነው› ካሉ ገዢ ናቸው»

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። በእንግዳ ፊት «አይረባኝም» ማለት ነውር በሆነበት አገር ምስጋና ምንም አያረጋግጥም። ባለሱቁ ወንበር ያቀርባል፣ ሻይ ያዛል፣ «በርቱ ልጆቼ» ይላል፣ «ሰሞኑን ደውሉልኝ» ብሎ ይሸኛል። ይሉኝታ ነው እንጂ ውሸት አይደለም። ስህተቱ ከዚያ ተነስቶ «አሥራ አምስት ደንበኛ አለን» ብሎ መቁጠሩ ነው።

«ይህ ቢኖርዎት አይጠቅምዎትም?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «እንዴታ!» ነው። ስለወደፊቱ አትጠይቁ፤ ስላለፈው ጠይቁ። «ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት በዱቤ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ ነበር? ስንት ይሆናል? ያን ጊዜ ምን አደረጉ?» ምንም ካላደረገ፣ ችግሩ ቢኖርም አላሳከከውምና ዘንድሮ አይገዛም። ሁለት ደብተር የሚይዝ፣ ማታ ማታ ልጁን ኤክሴል ላይ የሚያስገለብጥ፣ ዕዳ የሚሰበስብ ሰው የቀጠረ ከሆነ ግን ለዚህ ችግር ገንዘብና ጉልበት ማውጣት ጀምሯል። የመጀመሪያው ከፋይ ከእነዚህ መካከል ነው።

ከጭውውቱ በኋላ ነጋዴውን ትንሽ የሚያስከፍለው ነገር ጠይቁ፦ የአንድ ወር ደብተሩን እንዲያሳይ፣ ከገንዘብ ያዡ ጋር እንዲያገናኝ፣ ወይም ቀብድ እንዲሰጥ። ሦስት ጊዜ «ደውሉልኝ» ብሎ ከሦስቱ አንዱን ያልሰጠ ከዝርዝሩ ይውጣ፤ ሰላምታው ይቀጥል።

«መጀመሪያ በነፃ እናስለምዳቸው»

በነፃ የገባ ሶፍትዌር በሥራ ብዛት የመጀመሪያው ተረሺ ነው። ባለሱቁ ምንም አላወጣበትም፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዧ «ያስቸግራል» ስትል ለማስገደድ ምክንያት የለውም። ከስድስት ወር በኋላ ክፍያ ስትጠይቁ ደግሞ ቃል እንዳጠፋችሁ ይቆጠራል። ዕቃን በቀብድ መያዝ ግን ነጋዴው ዕለት ዕለት የሚያደርገው ነው። ከጠቅላላው ዋጋ ሩቡን ወይም ሲሶውን በቀብድ ተቀበሉ፤ በ14 ቀን ካልተስማማው ተመላሽ እንደሆነ ቀኑን ጠቅሳችሁ በወረቀት ጻፉለት።

እነዚያ 14 ቀናት ሥራ አላቸው። በመጀመሪያው ቀን ያልተዘጉትን ዕዳዎች ራሳችሁ አስገቡ፤ የአምስት ዓመት ታሪክ ለመገልበጥ አትሞክሩ፣ ሳያልቅ ትሰለቻላችሁ። በማግስቱ ገንዘብ ያዧ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ዝም ብላችሁ እዩ፤ እጇ የቆመበትን ቦታ መዝግቡ። በአምስተኛው ቀን ሳትጠሩ ሂዱ፤ ወደ ደብተር መመለስ የሚጀመረው ያኔ አካባቢ ነው። በአሥረኛው ቀን ከ30 ቀን በላይ የቆዩ ዕዳዎችን አትማችሁ በባለቤቱ እጅ አስቀምጡ። በ14ኛው ቀን ቀሪውን ክፍያ ተቀበሉ፤ አልፈልግም ካለ ቀብዱን መልሱለት፣ መረጃውንም በፍላሽ ስጡት።

በአሥረኛው ቀን ደብተሩ አሁንም ጎን ለጎን የሚጻፍ ከሆነ፣ ደብተሩ የሚሠራው እናንተ የማትሠሩት ነገር አለ። አዘውትሮ የሚገኘው የባለዕዳው ፊርማ ነው። ሰውዬው «አልወሰድኩም» ቢል ማስረጃው እሱ ነው። የሚፈረምበት ትንሽ ወረቀት አትማችሁ ስጡ፤ አታሚ ከሌለ ደብተሩ ለፊርማ ብቻ ይቆይ።

ሌላም አለ። ሶፍትዌሩ ባለቤቱን ሲያስደስት ገንዘብ ያዧን ሊያሳጣ ይችላል። የሂሳብ ጉድለት መጀመሪያ በባለቤቱ ፊት ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ «ተበላሸ» መባሉ ነው። ቀድማችሁ እሷን አሠልጥኑ፤ ስህተት እንዴት እንደሚታረም ቀድማ ትወቅ።

«ፌስቡክ ላይ ከለቀቅነው ይመጣሉ»

ማስታወቂያ የሚሠራው ሰው የሚፈልገውን ነገር ስም ሲያውቅ ነው። የዱቤ ደብተሩ የጨነቀው ነጋዴ «የሽያጭ ማኔጅመንት ሲስተም» ብሎ አይፈልግም። የኢንተርኔት ክፍያ አስተናጋጁ ስትራይፕ መሥራቾች እንኳ በመጀመሪያው ዘመናቸው እሺ ያላቸውን ሰው ሊንክ እንልክልሃለን ብለው አልሸኙም፤ ላፕቶፑን ተቀብለው እዚያው ይጭኑለት ነበር።

አንድ ከተማና አንድ የንግድ ዓይነት ምረጡ። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሁለቱም ላይ አንድ አንድ ደንበኛ መያዝ ትርፉን ለትራንስፖርት መገበር ነው። ፍኖተ ሰላም ያለ ቡድን እዚያው ያሉ ፋርማሲዎችን ይዞ ቀጥሎ ወደ ቡሬ ይሂድ። 30 ሱቅ በወረቀት ዘርዝሩ፤ በቀን ከአምስት በላይ አትሞክሩ፣ ጭውውቱ ይበላሻል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ቅዳሜ ገበያ በሚቆምበት ከተማ ቅዳሜ አይኬድም። ረፋድ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ወይም ከሰዓት 8 ሰዓት ግድም ሱቁ ቀዝቀዝ ይላል። ሐምሌ የግብር ወር ነው፤ ስለ ሌላ ክፍያ ማውራት አይመከርም። እህል ነጋዴና የገበሬ ዕቃ ሻጭ ገንዘብ የሚያገላብጡት ምርት ከገባ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። ሥጋ ቤት በዐቢይ ጾም ለመስማት ጊዜ አለው፣ ለመክፈል ግን የለውም፤ በጾሙ አሳይታችሁ ከፋሲካ በኋላ ተዋዋሉ።

«ርካሽ ከሆነ ይገዛል»

ሂሳቡን እንየው። በዓመት 1,000 ብር ብላችሁ ለ10 ሱቅ ብትሸጡ 10,000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ በመጀመሪያው ወር ሦስት ቀን ከወሰደ 30 ቀን ሠርታችኋል፤ በቀን 333 ብር፣ ትራንስፖርቱ ሳይቀነስ። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ሙሉ የስልክ ጥሪ በነፃ ነው ማለት ነው።

ዋጋው ከነጋዴው ኪሳራ ይነሳ። 40,000 ብር ዱቤ ሳይመለስለት የቀረ መደብር ሩቡን እንኳ ቢያስመልስ 10,000 ብር ነው፤ ለእሱ 6,000 ብር መጠየቅ አያሳፍርም። ግማሹን «ማስገቢያና ማሠልጠኛ»፣ ግማሹን «የዓመት አገልግሎት» ብላችሁ ለዩት። ካልለያችሁት «አንዴ ገዝቼ የለ?» ይባላል። ከውጭ አገር የተቀዳው በየወሩ ከካርድ ላይ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ እዚህ አይሠራም። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ በስልክ መክፈልን አስለምዷል፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር መቀበል ይቀላል።

«ደረሰኝም ያወጣል ብንል ይሸጥልናል»

አይባልም። ሕጋዊ የሽያጭ ደረሰኝ የሚወጣው የግብር ባለሥልጣኑ በፈቀደው መንገድ ብቻ ነው። የእናንተ አታሚ የሚያወጣው «የውስጥ ማስታወሻ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍበት። «ገቢዎች ያየዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ መረጃው እሱ ዘንድ እንደሚቀመጥና ቅጂውን ማን እንደሚያይ እውነቱን ንገሩት። ሽያጭ ለመደበቅ የሚፈልገውን ደንበኛ ግን አትቀበሉ፤ ጣጣው ለእናንተም ይተርፋል።

«አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከያዝን ይበቃናል»

የመንግሥት ግዢ በጨረታ ነው፤ ጨረታው የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና እንደ ግዢው መጠን የጨረታ ማስከበሪያ ይጠይቃል። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ርክክቡ ከዘገየ ክፍያው ወደ ሌላ በጀት ዓመት ይንከባለላል። ይህ በሁለተኛው ዓመታችሁ የሚሞከር ሥራ ነው።

«ዘመድ ይግዛን»

ዘመድ የሚከፍለው ለእናንተ ነው፤ ሶፍትዌሩን ሳይከፍተው ዓመቱ ያልፋል፣ ጉድለቱንም አይናገርም። ከዘመድ ገንዘብ ሳይሆን መተዋወቂያ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው አስተዋዋቂ ጅምላ አከፋፋዩ ነው፦ የትኛው ሱቅ በዱቤ እንደሚሠራ፣ የትኛው በሰዓቱ እንደሚከፍል ያውቃል፣ ቸርቻሪው ዱቤውን ሲሰበስብ እሱም ገንዘቡን ያገኛል። የመጀመሪያው ደንበኛ ቀሪውን የከፈለ ዕለት «ዕቃ ከማን ነው የሚያመጡት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አብሯችሁ እንዲሄድ ወይም እዚያው ፊታችሁ እንዲደውልላችሁ ለምኑት።