«ፊቱን አይቼ አወቅኩበት» ለምትሉ ሁሉ

የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። «ፊቱን አይቼ አወቅኩበት» የሚለውን ነገር መምህርም ወላጅም ይሉታል። መስማት ሰልችቶኛል። በዚህ የሚቀጣው ልጅ ነዋ!

አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «ስቆጣው ሳቀብኝ» ተብሎ ቢሮዬ መጣ። እውነትም ጥርሱ አልተከደነም። እጁ ግን የሹራቡን እጅጌ እየጠመዘዘ ክሩን ተርትሮታል። ውሃ ሰጠሁት፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞም አፈሰሰው።

እያንዳንዱ ስሜት የራሱ ፊት አለው የሚለው እምነት ዝም ብሎ አልመጣም። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ኤክማን ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዶ ለፎሬ ሕዝብ የፊት ፎቶ እያሳየ አጠና። መሠረታዊ ስሜቶች የትም አገር በአንድ ዓይነት ፊት ይገለጣሉ አለ። ሐሳቡ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ሌሎች አራት ተመራማሪዎች ከ1000 በላይ ጥናቶችን መረመሩ። ሰው ሲናደድ ፊቱን የሚያኮሳትረው በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቀረው ጊዜ ዝም ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃልም። የተኮሳተረውም ሁሉ አልተናደደም። ሐሳብ ይዞት ወይም ሆዱን አሞት ሊሆን ይችላል።

ፊት ብቻውን ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ሰዎች ነጥብ ያገኙና ነጥብ ያጡ የቴኒስ ተጫዋቾችን ፎቶ አዩ። ፊታቸው ብቻ ሲታይ መለየት አቃታቸው። ሰውነታቸው ሲታይ ለዩ። ለዚህ ነው እጅ እዩ የምለው።

«ዓይኑን የሰበረ ይዋሻል» የሚባለውም ስህተት ነው። ታላቅ ፊት ዓይንህን ስበር ብለን ያሳደግነው እኛው አይደለን? በነገራችን ላይ፣ ሰው ውሸትን ለይቶ የሚያውቀው በአማካይ 54 በመቶ ያህል ነው። ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይሻልም።

«ካሜራ ስሜት ያነባል» ለሚሉም፦ ማይክሮሶፍት እንኳ ከፊት ስሜት የሚለየውን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ለማቆም ወስኗል።

እባካችሁ መምህራን፣ ልጁን ሰው ፊት አትጠይቁት። ለብቻው ጥሩት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። «ምን ሆንክ?» በሉትና ጠብቁ። ያ ተማሪ አፉን እስኪከፍት ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። «ስፈራ ፊቴ እንዲህ ይሆናል» አለኝ። «ቤትም በዚሁ ነው የምመታው።»