የቫን ሂለ ደረጃዎች ምንድን ናቸው? ጂኦሜትሪ የሚጠላውስ ለምንድን ነው?

«አልጀብራው ምንም አይል፤ ጂኦሜትሪ ግን ጭንቅላቴ አይቀበለውም።» ሐዋሳ ውስጥ የዘጠነኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ጭንቅላቱን ከመውቀስ በፊት የቫን ሂለን ሐሳብ ማወቅ ይጠቅማል።

ፒየር ቫን ሂለና ባለቤቱ ዲና ኔዘርላንድስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህራን ነበሩ። ቢያስረዱ፣ ቢደጋግሙ ተማሪው አልገባው አለ። በ1957 እ.ኤ.አ. ሁለቱም በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ ያቀረቡት በዚሁ ጉዳይ ነው። ዲና ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች ሐሳቡን የገፋበት ፒየር ነው።

እንደነሱ አባባል የጂኦሜትሪ አስተሳሰብ አምስት ደረጃ አለው፤ አንዱን ዘሎ ወደ ቀጣዩ መውጣት የለም። በመጀመሪያው ልጁ ቅርጽን በመልኩ ብቻ ይለያል። ካሬውን አዙራችሁ በጫፉ ብታቆሙት «ይሄማ ካሬ አይደለም» ሊል ይችላል። በሁለተኛው ባሕርያቱን ይዘረዝራል፦ አራት እኩል ጎን፣ አራት የ90 ዲግሪ ማዕዘን። በሦስተኛው ባሕርያቱን ያያይዛል። ካሬ ሁሉ ሬክታንግል መሆኑ የሚዋጥለት ያኔ ነው። አራተኛው ቲዎረምን፣ ማለትም የጂኦሜትሪ ሕግን፣ በምክንያት ማረጋገጥ ነው። አምስተኛው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ እንለፈው።

ጣጣው የሚመጣው መምህሩ አራተኛው ላይ ሆኖ ሲያወራ፣ ተማሪው ሁለተኛው ላይ ሆኖ ሲሰማ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨምራል። ልጁ የቀረው ሽምደዳ ብቻ ነው። ሽምደዳ ፈተና ያሳልፍ ይሆናል፤ ሥዕሉ ትንሽ ዞሮ ሲመጣ ግን ጉድ ይፈላል። «አልችልም» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥላቻው ይከተላል።

የፖሊጎን (ባለብዙ ጎን ቅርጽ) ውስጣዊ ማዕዘናት ድምርን እንውሰድ። ብዙ ጊዜ ቀመሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ይገለበጣል፣ አለቀ። ልጁ ግን ከወረቀት ጎነ ሦስት ቆርጦ፣ ሦስቱን ጫፎች ቀዶ ጎን ለጎን ቢደረድራቸው ቀጥ ያለ መስመር ያገኛል፤ 180 ዲግሪ። ከዚያ ባለአምስት ጎን ይሣል። ከአንዱ ጫፍ ወደማይጎራበቱት ጫፎች መስመር ሲያወጣ ሦስት ጎነ ሦስት ይወጣዋል፤ 540። ባለስድስቱ ላይ አራት፤ 720። «የጎነ ሦስቶቹ ብዛት ከጎኖቹ ሁልጊዜ በሁለት ያንሳል!» የሚለው ራሱ ነው። ቀመሩ አሁን ይምጣ።

ሐዋሳ ላይ ግንባታ ሞልቷል። ግንበኛ ማዕዘን ሲያወጣ በአንዱ ክር 60፣ በሌላው 80 ሳንቲሜትር ለክቶ፣ በመሐላቸው 100 ካገኘ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው ማለት ነው። «ለምን 100 ሆነ?» ብሎ መጠየቅ የፓይታጎረስን ቀመር ከመጻፍ ይቀድማል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወረቀት መቅደድ ማረጋገጫ አይደለም። እዚያው ላይ የሚያቆም መምህር ልጆቹን አስደስቶ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይተዋቸዋል። ይህም፣ በእኔ እይታ፣ ከሽምደዳው ብዙ አይሻልም።

ደረጃዎቹም መፈረጃ ባይሆኑ ደስ ይለኛል። የኋላ ተመራማሪዎች እንዳዩት ድንበራቸው ድፍን አይደለም፤ ያው ልጅ በጎነ ሦስት ሦስተኛው ላይ፣ በክብ ሁለተኛው ላይ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጋችሁ ልጁን «ካሬ ሬክታንግል ነው?» በሉት። «አይደለም» ካለ አታርሙት። ከሬክታንግል ባሕርያት ካሬ የቱ እንደሚጎድለው ይፈልግ።