«ጎመን ክልክል ነው» እና ሌሎች በዋርፋሪንና በኮሌስትሮል መድኃኒቶች ዙሪያ የሚነገሩ ስህተቶች

ደም በማይገባው ቦታ እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ ክኒን የሚወስዱ ሕሙማንን በምንከታተልበት ክፍል ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚነሣው የጎመን ጉዳይ ነው። አንዳንዱ «ጎመን ከበላሁ ደሜ ይረጋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አብዛኛው ግን አይጠይቅም፤ ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን አንድ ባለሙያ በችኮላ የነገረውን ይዞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣን ከማዕዱ አውጥቶ ለዓመታት ይኖራል። የሚያስቆጨኝ ምክሩ ስህተት መሆኑ ብቻ አይደለም። ምክሩ መዘዝ ሲያመጣ ጥፋተኛ የሚደረገው መድኃኒቱ ነው፤ ሕመምተኛውም ሕይወቱን ያቆየለትን ክኒን እየጠላና እየፈራ ይሄዳል።

ጉበታችን ደም እንዲረጋ የሚያስችሉ አንዳንድ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በቪታሚን ኬ እየታገዘ ነው። ዋርፋሪን ጉበት አንድ ጊዜ የተጠቀመበትን ቪታሚን ኬ አድሶ መልሶ እንዳይጠቀምበት ስለሚያግድ የፕሮቲኖቹ ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚበቃው የዋርፋሪን መጠን የሚወሰነው በዘር ውርሱ፣ በዕድሜው፣ አብሮ በሚወስዳቸው መድኃኒቶችና በየዕለቱ ከምግቡ በሚያገኘው ቪታሚን ኬ ነው። መጠኑ ልክ መሆኑን የሚነግረን ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው የአይ.ኤን.አር. ምርመራ ሲሆን፣ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከ2 እስከ 3፣ ሚትራል በሚባለው የልብ በር ቦታ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ለተተከለለት ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን እንፈልጋለን። ከዚያ ሲወርድ ደም የመርጋት፣ ሲያልፍ የመድማት አደጋ ይጨምራል።

አንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚያስፈልገው ቪታሚን ኬ 120 ማይክሮግራም፣ ሴት ደግሞ 90 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ግማሽ ኩባያ የበሰለ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ግን ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም ሊይዝ ይችላል። ጎመንን ጨርሶ የተወ ሰው የሰውነቱ የቪታሚን ኬ ክምችት አነስተኛ ስለሚሆን፣ አንድ ቀን ዘመድ ቤት ሄዶ አንድ ሳህን ሲበላ አይ.ኤን.አሩ በእጅጉ ይናወጣል። በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን የሚበላው ሰው ግን የዋርፋሪኑ መጠን የተስተካከለለት ጎመኑን እየበላ ስለሆነ ምንም አይሆንም። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ አይ.ኤን.አራቸው ያለ ግልጽ ምክንያት ከፍ ዝቅ ለሚልባቸው ሕሙማን በየቀኑ 150 ማይክሮግራም ቪታሚን ኬ ሲሰጣቸው ውጤታቸው የተሻለ እንደተረጋጋ አሳይቷል። ብዙዎች የሚሸሹት ነገር በመጠኑና በቋሚነት ሲገኝ የሚያረጋጋ ሆነ ማለት ነው።

በልጅነቱ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ልቡ ተጎድቶ ሚትራል ቫልቩ የተቀየረለት አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበር። ጎመን በአፉ አይዞርም፤ አይ.ኤን.አሩም 2.8 አካባቢ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እህቱ ቤት ሰነበተና በየቀኑ የሚቀርብለትን ጎመን በላ፤ በቀጠሮው ቀን ውጤቱ 1.6 ሆነ። ምን እንደሚበላ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ መጠኑ ተጨመረለት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎመኑን እንደገና ተወ፤ የተጨመረውን ክኒን ግን ቀጠለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አፍንጫው አልቆም ብሎ እየደማ መጣ፤ አይ.ኤን.አሩ 6.9 ደርሶ ነበር። «ክኒኑ ሊገድለኝ ነው» ሲል ልፈርድበት አልቻልኩም፤ ከመጀመሪያው የተሰጠው ምክር ነው ለዚህ ያበቃው።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ከጾም ነጥሎ ማየት አይቻልም። ኦርቶዶክሳዊው ሕመምተኛ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን፣ ሌሎቹን አጽዋማት፣ ረቡዕና ዓርብን እየጾመ የሚኖር ሰው ነው። ጾም ሲገባ በብዙ ቤት ጎመንና ቆስጣ ይበዛሉ፤ ለፋሲካ ደግሞ በአንድ ሌሊት ቀርተው ዶሮና ሥጋ ይተኳቸዋል፤ መጠጡም ይጨመራል። ከመጠን ያለፈ መጠጥ በአንድ ጊዜ ሲወሰድ አይ.ኤን.አርን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ለማንም ቢሆን «አይጹሙ» አልልም፤ ጾም ከገባና ከተፈታ በኋላ ባለው አንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ አይ.ኤን.አር. እንዲሠራ እጠይቃለሁ። በረመዳን የሚጾም ሰውም መድኃኒቱን የሚያቋርጥበት ምክንያት የለውም፤ ዋርፋሪን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ሁልጊዜ ከኢፍጣር በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ይችላል። ሊነገር የሚገባው ምክር እንዲህ የሚል ነው፦ የለመዱትን ይብሉ፤ አመጋገብዎ ሲቀየር፣ ተቅማጥ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ሲያጋጥምዎ ያሳውቁን።

ሁሉም ጎመንን ሲፈራ ከጎመን እጅግ የሚበልጠው አደጋ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ይገዛል። ሆድ ሲቆርጥ «አሜባ ነው» ተብሎ የሚዋጠው ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚያግድ አይ.ኤን.አርን በጥቂት ቀናት ውስጥ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርሰው ይችላል። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያና ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒትም እንደዚሁ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው የዋርፋሪንን ኃይል በእጅጉ ያዳክማል፤ ሕክምናው ሲጠናቀቅም ኃይሉ ስለሚመለስ በሁለቱም ጫፍ የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን አቁስለው ያደማሉ። በተለይ ዲክሎፌናክን መቀመጫቸው ላይ ተወግተው፣ ጡንቻው ውስጥ ደም ተጠራቅሞ፣ መቀመጥ አቅቷቸው የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ከመወጋቱ በፊት መድኃኒቱን መናገር አለበት፤ ሳይጠየቅም ቢሆን ይናገር።

«ዋርፋሪን ደም ይጨርሳል» የሚለው ትክክል አይደለም፤ መድኃኒቱ የደምን መጠን አይቀንስም፣ የሚያዘገየው የመርጋቱን ሂደት ብቻ ነው። «ትናንት የረሳሁትን ዛሬ ደርቤ እወስዳለሁ» የሚለውም ስህተት ነው፤ በዚያው ቀን ካስታወሱ ይውሰዱ፣ ቀኑ ካለፈ ግን ይተዉትና ለክትትል ክፍሉ ይንገሩ። ጥርስ ለማስነቀል ዋርፋሪንን በራስ ውሳኔ ማቆም አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ አይ.ኤን.አሩ ታይቶ ሳይቋረጥ ይነቀላል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላት ሴት ለማርገዝ ስታስብ ግን ከመፀነሷ በፊት ሐኪሟን ማማከሯ ግዴታ ነው፤ ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ፈርቶ በድንገት ማቆም ደግሞ የእናትየዋን ቫልቭ በረጋ ደም ሊያዘጋ ይችላል።

ጠበል የሚገቡ ሰዎች መድኃኒታቸውን የማቆማቸው ጉዳይ ልብ የሚሰብር ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ደም ለመርጋት ጥቂት ቀናት ሊበቁት ይችላሉ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጠበል ጎን ለጎን እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ለዋርፋሪን የተለየ ሕግ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

«አስፕሪንም ያው ነው፤ ርካሽ ነው፤ ምርመራም አይፈልግም» የሚሉ አሉ። አስፕሪን የሚሠራው ፕላትሌት በሚባሉት የደም ሕዋሳት ላይ ነው፤ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ድንገተኛ የልብ ሕመም ለያዘው ወይም ስትሮክ ለደረሰበት ሰው ሊታዘዝ ይችላል። የልብ ምቱ በተዛባ ሰው ልብ ውስጥ የሚረጋውን ደም በመከላከል ረገድ ግን የዋርፋሪንን ቦታ አይተካም፤ ከዋርፋሪን ጋር ያለ ትእዛዝ ሲደረብም መድማትን ይጨምራል።

ከነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሆነውን ስታቲንም ይወስዳሉ። እዚህ ላይ የምሰማው ስህተት «ተመረመርኩ፣ ኮሌስትሮሌ ወረደ፣ አቆምኩት» የሚለው ነው። ውጤቱ የወረደው መድኃኒቱ ስለሚወሰድ ነው፤ ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚህም በላይ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ለደረሰበት ሰው ስታቲን የሚታዘዘው ሁለተኛ እንዳይደገም ስለሆነ ቁጥሩ ጥሩ መምሰሉ ብቻውን የማቆሚያ ምክንያት አይሆንም። ኤል.ዲ.ኤል. የሚባለው «መጥፎው» ኮሌስትሮል በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር በቀነሰ ቁጥር ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንሱ ብዙ ጥናቶችን ባንድ ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

«ቀጭን ነኝ፣ ኮሌስትሮል የለብኝም» የሚለው ትክክል አይደለም፤ አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ ከ250 ሰዎች አንዱ ያህልም ቀጭን ሆነ ወፍራም በዘር ውርስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ይዞ ይወለዳል። «ኮሌስትሮል የሌለው» ተብሎ የተጻፈበት የፓልም ዘይትም ያታልላል፤ ኮሌስትሮል በየትኛውም የአትክልት ዘይት ውስጥ የለም ቢባል ይቀላል፤ ነገር ግን የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጉበት ኤል.ዲ.ኤልን እንዳያስወግድ የሚያደርግ የሚረጋ ቅባት ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ከእሱ በብዙ ይሻላሉ። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፤ ኮሌስትሮልንም ትንሽ ይቀንሳል፤ ሐኪም ያዘዘውን ስታቲን ግን አይተካም።

«ተፈጥሯዊው ይሻለኛል» ለሚሉኝ የሁለቱን መድኃኒቶች አመጣጥ እነግራቸዋለሁ። ስታቲንን ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኙት ከሻጋታ ነው፤ ዋርፋሪንም መነሻው በሰሜን አሜሪካ ከብቶችን እያደማ ይገድል የነበረ የተበላሸ ድርቆሽ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ ማጥፊያነት መዋሉ እውነት ነው፤ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሰውን ሲያድን የኖረ መድኃኒት ነው። መርዝ ከመድኃኒት የሚለየው በመጠኑ ነው፤ አይ.ኤን.አር. የምንሠራውም መጠኑን ለመጠበቅ ነው።

ስታቲን ሰውነት ይቆረጥማል ስለሚባለው፣ በዚሁ ምክንያት መድኃኒቱን አቁመው የነበሩ 60 ሰዎች በእንግሊዝ በተደረገ ጥናት አንዳንዱን ወር ስታቲን፣ አንዳንዱን ወር ምንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን፣ አንዳንዱን ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ እንዲቆዩ ተደረገ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከሕመም ስሜታቸው 90 በመቶ ያህሉ በባዶው ክኒንም ተከስቷል። ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን በአብዛኛው መድኃኒቱ አይደለም። ከባድ የጡንቻ ሕመም ከድካምና ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ ግን መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

በመጨረሻ፣ ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች። «እዚህ ዋርፋሪን ቀርቷል፤ ምርመራ የማይፈልግ አዲስ መድኃኒት ልኬልሻለሁ» ተብሎ አፒክሳባን ወይም ሪቫሮክሳባን በሻንጣ ይመጣል። መድኃኒቶቹ ጥሩ ናቸው፤ እግር ውስጥ ደም ለረጋበትና ሩማቲክ (ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣ የልብ ጉዳት) ባልሆነ ምክንያት የልብ ምቱ ለተዛባ ሰው ብዙ ጊዜ ተመራጭ ናቸው። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ግን አይሰጡም፤ ከዚያው ወገን የሆነው ዳቢጋትራን በቫልቭ ሕሙማን ላይ ሲሞከር ከዋርፋሪን የበለጠ መርጋትም መድማትም ስላመጣ ጥናቱ በጊዜ ተቋርጧል፤ ውጤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሩማቲክ የልብ ሕመም የልብ ምታቸው በተዛባ ሰዎች ላይ በተደረገው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ትልቅ ጥናትም ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከሪቫሮክሳባን የተሻለ ሕይወት አትርፈዋል። እዚህ አገር ቤት ዋርፋሪን ከሚወስዱት ብዙዎቹ የዚህ ሕመም ተጠቂ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ለእህትዎ መድኃኒት ከመላክዎ በፊት ሰው ሠራሽ ቫልቭ እንዳላት ይጠይቋት፤ ካላት የሚጠቅማት የአይ.ኤን.አር. ምርመራና ለክትትል የምትመላለስበት የትራንስፖርት ወጪ ነው።