የመቅደላ ቅርሶች፦ በስህተት የምናወራውና እውነታው

የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ቅርሶች ነገር ሲነሳ ሁላችንም እንቆጫለን። ቁጭቱ ልክ ነው። ስንከራከር የምንጠቅሰው ነገር ግን ሁሌ ልክ አይደለም። ይመለሱልን የሚል ሰው ታሪካቸውን አጥርቶ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

«ለንደን ያለው የወርቅ ዘውድ የአፄ ቴዎድሮስ ነው»

ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን ዘውድ ብዙ ሰው በዚህ ስም ያውቀዋል። ዘውዱ ግን ከቴዎድሮስ ንግሥና መቶ ዓመት ግድም ይቀድማል። በ1740 አካባቢ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ማርያም እንደሰጡት ይታመናል። አብሮት የተወሰደው የወርቅ ጽዋም የዚያው ዘመን ነው። ጽዋውን የሠራው ሰው ስሙ እንኳ ይታወቃል፤ ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። ዘውዱና ጽዋው መቅደላ የደረሱት፣ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሀብት ለመቅደላው መድኃኔዓለም ብለው ስላከማቹ ነው። በእኔ እይታ ይህ ጥያቄያችንን ያጠነክረዋል። ከንጉሡ ንብረት ጋር የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትም ተጋዘ።

«በጦርነት ግርግር ወታደሮች የዘረፉት ነው»

ግርግሩ ነበር። በ1868 ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የሆነው ግን በእቅድ የተሠራ ነው። የተዘረፈው ሁሉ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ደረሰ። እዚያ ሁለት ቀን ጨረታ ቆመ። ከገዢዎቹ ዋናው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሆኖ ነው። ሙዚየሙ ከመጀመሪያውም ሰው መድቦ ነበር ማለት ነው። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው።

«ኩርዓተ ርእሱን የሣለው ሀበሻ ነው፣ ሥዕሉም እንግሊዝ ሙዚየም ውስጥ ነው»

ሁለቱም ልክ አይደለም። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው ይህ ሥዕል በ1500ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነው። ኢትዮጵያዊ ያደረገው ታሪኩ ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ ነበር፤ መሐላም በፊቱ ይማል ነበር። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ዛሬ ሱዳን ካለው ከሰናር መንግሥት ጋር ተዋግተው ሲሸነፉ ተማረከ፣ በኋላም በወርቅ ተዋጅቶ ጎንደር ገባ።

መቅደላ ላይ ሥዕሉን የወሰደው ያው ሆልምስ ነው። ለላከው ሙዚየም ግን አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው። በ1872 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመቅደላ የተወሰደው የክብረ ነገሥት መጽሐፍና ሥዕሉ እንዲመለሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን ሙዚየሙ ውስጥ ተፈልጎ ጠፋ። ሆልምስ ያኔ የት ነበር? ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ። ሥዕሉ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ብቅ ያለው በ1905 ነው። ሆልምስ ከሞተ በኋላ በ1917 በጨረታ ተሸጠ። በ1950 ደግሞ አንድ ፖርቱጋላዊ ገዛው፤ እስካሁን ወደ አገሩ አልተመለሰም። እኔን ከዘውዱም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሙዚየም ቢሆን ቢያንስ የምንጠይቀው አካል ይኖር ነበር።

«ታቦቶቹን ለጎብኚ ያሳያሉ»

አያሳዩም። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦቶች በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል። የሙዚየሙ ባለሙያዎች ራሳቸው አያዩአቸውም። ታዲያ ማንም የማያየውን ነገር ሙዚየም ለምን ይይዛል?

«እስካሁን ምንም አልመለሱም»

ጥቂት መልሰዋል። ከክብረ ነገሥቱ ሌላ በ1920ዎቹ አንድ የወርቅ ቅብ የብር ዘውድ መጥቷል። በ2002 ኤድንብራ ካለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ታቦት፣ በ2019 ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ተመልሷል።

«ሕጉ ስለማይፈቅድ መመለስ አይችሉም»

ሕጉስ በእርግጥ አለ። በ1963ና በ1983 የወጡት አዋጆች ብሪቲሽ ሙዚየምና ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ንብረት እንዳይሰጡ አጥብቀው ይከለክላሉ። የቪክቶሪያና አልበርት ዳይሬክተር በ2018 ቅርሶቹን በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጥ ያሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ሕጉን ያወጣው ፓርላማ ሊያሻሽለውም ይችላል። በ2009 ናዚዎች ከባለቤቶቻቸው የነጠቋቸው ቅርሶች እንዲመለሱ ልዩ አዋጅ አውጥቷል። ያ አዋጅ እነዚህን ሁለት ሙዚየሞች ይጨምራል።